የነከሰ ፔርኖ

ጂቡቲ ከተማ፣ አርሂባ ሰፈር ጫፍ ላይ፣ በላሜራ በታጠረ ግቢ ውስጥ አንድ አሮጌ ሎደር ባኬቱን መሬት አስደግፎ ቆሟል። ቢጫ ቀለም እንደነበረው የሚታወቀው በኦፕሬተሩ መቀመጫ ጣሪያ ሥር ብቻ ነው፤ የቀረውን ዝገትና የማዳበሪያ ብናኝ ተካፍለውታል። ዕድሜውን የፈጀው ከመርከብ የወረደ ጭነት ሲዝቅ ነው። አሁን የቀኝ ክንዱን ከባኬቱ ጋር የሚያጋጥመው ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ፔርኖው፣ ነክሷል። ባኬቱ መነሳትና መገልበጡን አላቆመም፤ ግን በተገለበጠ ቁጥር የሚሰቀጥጥ ድምፅ ያወጣል። ፔርኖው ክንዱ ውስጥ ባለው ቡሽ በሚባል የብረት ቀለበት ተይዞ ስለቀረ፣ መዞር በማይገባው ቦታ፣ ማለትም በባኬቱ ጆሮ ውስጥ መዞር ጀምሯል። ክብ የነበረው የጆሮው ቀዳዳ እየተፋቀ ሞላላ ሆኗል።

ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ነው። በጂቡቲ በጋ ብረት የሚነካው በዚህ ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ወጥታ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ መፍቻ በባዶ እጅ አይጨበጥም። ሌላም ገደብ አለ። ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚመጣው ጫት ከቀትር በኋላ ሲከፋፈል የከተማዋ ሥራ በአብዛኛው ይቆማል። እስከዚያ ያልተነቀለ ነገር ለነገ ያድራል።

የግቢው ዋና መካኒክ ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ፣ ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። ረዳታቸው የአርሂባ ልጅ ነው፤ አፋርኛው ላይ አማርኛ፣ ሶማሊኛና ፈረንሳይኛ ደርቦ ይናገራል። ልጁ ትልቁን መዶሻ አንስቶ ወደ ፔርኖው ሲሄድ ሽማግሌው በእጃቸው አገዱት።

«ትናንት ስንት ሰው መታው?»

«ኦፕሬተሩ፣ እኔና ሌሎች ሁለት ልጆች። ተፈራርቀን ነው የመታነው፣ ጋሼ።»

«መቆለፊያ ቡሎኑንስ ማን ፈታው?»

ልጁ ዝም አለ። ሽማግሌው በጨርቅ የጆሮውን ጎን ጠረጉና ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳረፉ። ፔርኖው እንዳይዞር የሚይዘው ቡሎን ጭንቅላቱ ተቆርጦ ጠፍቷል፤ ግንዱ ግን ውስጥ ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ አራት ሰው ሲመታው የዋለው ፔርኖ ቢዞርም እንዳይወጣ በውስጥ በኩል እንደተቆለፈ ነበር። ሲመታ ያተረፈው ነገር ቢኖር ጫፉ መደፍጠጡ ነው። ጫፉ ከተደፈጠጠ ደግሞ ከቀዳዳው ይሰፋል፤ ለማውጣት የተሰነዘረው ምት ተጨማሪ መሰንከያ ሆኖ ይቀራል።

ይህን ሥራ ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው የጉልበት ሥራ ይመስለዋል። እኔ ከዚህ ግቢ ይዤው የወጣሁት እምነት ሌላ ነው። የነከሰ ፔርኖ የሚወጣው «ምን ይዞት ነው?» ብሎ አስቀድሞ ለጠየቀና መልሱን ሳያገኝ ላልመታ ሰው ነው። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ሰዓት ያሳለፉት በመብራት እየዞሩ በማየት፣ በሽቦ ብሩሽ በመጥረግና በጣት በመዳሰስ ነው። የሎደሩ ባለንብረት ደውሎ «ጀመራችሁ?» ሲል «አዎ፣ ጀምረናል» አሉት። እውነታቸውን ነው።

አርሂባ ብዙ ነዋሪዎቹ አፋሮች የሆኑ፣ ኑሮው ከወደቡ ሥራ ጋር የተሳሰረ ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 18 ቀን 1991 የመንግሥት ኃይሎች ተኩስ ከፍተው በርካታ ነዋሪዎቹን ገድለዋል፤ የሰፈሩ ስም በተነሳ ቁጥር ያ ቀን አብሮ ይነሳል። ሰፈሩን ለኢትዮጵያውያን የሚያቀርበው ደግሞ ወደቡ ነው። ከኤርትራ ጋር እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው ጦርነት ምክንያት የአሰብ በር ከተዘጋ ወዲህ የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚያልፈው በጂቡቲ ነው። በጎጃምና በአርሲ ማሳ ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ መጀመሪያ የሚራገፈው እዚህ ነው። አንድ ሎደር በአንድ ፔርኖ ምክንያት ሲቆም የሚጠብቀው ሰልፍ ከግቢው አጥር አልፎ፣ ሾፌሮቻችን ተራ እየጠበቁ እስከሚያድሩበት እስከ ፒኬ 12 ይደርሳል።

እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ዝገትን የምናያይዘው ከክረምት ጋር ነው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ጂቡቲ ከተማ የምታገኘው ከ200 በታች ነው። ሆኖም አዲስ አበባ ውስጥ አሥር ዓመት ደጅ የቆመ ብረት፣ እዚህ ሁለት ዓመት ከቆመው የተሻለ መልክ አለው። ምክንያቱ ጨው ነው። ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚነፍሰው ነፋስ የባሕር ጨው ተሸክሞ ይመጣና በብረቱ ላይ ይለጥፈዋል። ጨው ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ተራው የገበታ ጨው ውሃ ሆኖ የሚቀልጠው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው፤ በባሕር ጨው ውስጥ ያለው ማግኒዥየም ክሎራይድ ግን 33 በመቶ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ዝናብ ሳይዘንብ፣ ጠል ሳይወርድ፣ የብረቱ ገጽ ሁልጊዜ በማይታይ ስስ ውሃ እንደተሸፈነ ነው። ክሎራይዱ ደግሞ ብረቱ ራሱን የሚከላከልበትን ስስ ሽፋን ይበሳዋል። በዚህ ላይ የማዳበሪያ ብናኝ ሲጨመር፣ እሱም እርጥበት ሳቢ ስለሆነ፣ ዝገቱ ቀንና ሌሊት ይሠራል።

ዝገት ብረትን ይበላል ሲባል ብረቱ የሚሳሳ ብቻ ይመስለናል። ፔርኖ የሚያስነክሰው ግን ተቃራኒው ጠባዩ ነው። የዛገ ብረት ከነበረበት መጠን ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ ይሰፋል። በፔርኖና በቡሹ መካከል ያለው ክፍተት የሚለካው በአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ ነው፤ እዚያ ውስጥ የተፈጠረ ዝገት መውጫ ስለሌለው በማሰሮ ታፍኖ እንደተዘፈዘፈ ሽምብራ ግድግዳውን ይገፋል።

የዚህ ግፊት ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ዓለም በሐዘን ተምሮታል። እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 1983 በአሜሪካ፣ ኮነቲከት ግዛት፣ በማያነስ ወንዝ ላይ የተሠራው የአውራ ጎዳና ድልድይ 30 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ክፍሉ በሌሊት ተቆርጦ ወደቀ፤ 3 ሰዎች ሞቱ። ክፍሉ የተንጠለጠለው በፔርኖዎችና እነሱ ላይ በተሰኩ የብረት ማንጠልጠያዎች ነበር። መርማሪዎቹ እንደደረሱበት የድልድዩ የውሃ መውረጃዎች አስፋልት ሲነጠፍ ተደፍነው ነበር፤ ውሃው ወደ ፔርኖው ፈሰሰ፤ በመጋጠሚያው ውስጥ የተጠራቀመው ዝገት ማንጠልጠያውን ቀስ በቀስ ገፍቶ ከፔርኖው ጫፍ አወጣው። መዶሻ ያልነካውን ፔርኖ ዝገት ፈታው። ያን ያህል መግፋት የሚችል ነገር የሎደር ፔርኖ ውስጥ ሲገባ አራት ሰው በመዶሻ ቢታገለው እንደማያሸንፈው መገመት አይከብድም።

ወደ ግቢው እንመለስ። ተቆርጦ የቀረውን ቡሎን በድሪል በስተው ካወጡ በኋላ ሽማግሌው የጠየቁት ስለ ክብደት ነው። ባኬቱ መሬት ላይ ያረፈ ይመስላል፤ ነገር ግን የክንዱ ክብደት የሚያርፈው በዚያው በነከሰው ፔርኖ ላይ ነበር። ሸክም ያለበት ፔርኖ ዝገት ባይኖረውም አይወጣም። ክንዱን በወፍራም ጣውላ ደገፉት፤ ባኬቱን በሁለት ክሪክ ከሥር እያነሱና እያወረዱ፣ የጆሮውና የክንዱ ቀዳዳ ትክክል እስኪገጥም ድረስ ፈለጉ። ልጁ ክሪኩን በሩብ ዙር ሲያዞር ሽማግሌው ጣታቸውን በመጋጠሚያው ጠርዝ ላይ አድርገው ያዳምጣሉ። «ቁም» ያሉት በስተቀኝ ያለው ክፍተት ከግራው ጋር እኩል የሆነ ጊዜ ነው። ክንዱ ከመደገፉ በፊት ማንም ሰው ከሥሩ እንዲገባ አልፈቀዱም። የሃይድሮሊክ ሲሊንደር ያነሳውን ክንድ ያለ ድጋፍ አምኖ ከሥሩ መግባት በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የገደለ ስህተት ነው።

ቀጥሎ ዘይት መጣ። የአውቶማቲክ መኪና የማርሽ ዘይትና አሴቶን እኩል ለእኩል ተቀላቅለው በጠርሙስ ተቀምጠዋል፤ አሴቶኑ ያቀጥነዋል፣ ዘይቱ ያለሰልሳል። ይህ ከሌለ ናፍጣ ወይም ነጭ ጋዝም ይሠራል፤ የሚበልጠው መድኃኒት ጊዜ ነው። የተደፈጠጠውን ጫፍ በመሞረጃ ድንጋይ አስተካከሉ፤ ዙሪያውን በዘይት አረጠቡ፤ የዚያን ቀን ሥራ በዚህ አበቃ። ባለንብረቱ ደስ አላለውም። መርከብ እየጠበቀው ነው፤ ሎደሩ የሚከራየው በቀን ነው፤ የተቀመጠ ሰው ሲያይ ገንዘቡ የሚፈስ ይመስለዋል። ስጋቱ ይገባኛል። ግን የመጀመሪያውን ቀን በመዶሻ ያባከነው የእሱው ችኮላ ነበር።

ሽማግሌው ይህን ትዕግሥት የተማሩት ድሬዳዋ ነው፤ አባታቸው በባቡሩ ወርክሾፕ ይሠሩ ነበር። ከጂቡቲ የተነሳው የሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ ደረሰ፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዚያው ምክንያት ነው። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ያ መስመር ሲያረጅ መለዋወጫው ከዓለም ገበያ ጠፋ፤ ስለዚህ የድሬዳዋ ሠራተኞች የሚሰበረውን ሁሉ ራሳቸው እያቀለጡ፣ በቶርኖ እየቀረጹ፣ እየበየዱ ባቡሩን በሕይወት አቆዩት። እንዲህ ባለ ቦታ ፔርኖን አበላሽቶ «አዲስ ይምጣ» ማለት አይቻልም ነበር። የሚወጣው ዕቃ ተመልሶ የሚገባው ዕቃ ነው፤ ሳይጎዳ መውጣት አለበት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2016 አዲስ አበባ ላይ፣ በጃንዋሪ 2017 ጂቡቲ ላይ ሲመረቅ የአሮጌው መስመር ሙያ ወደ ጎን ቀረ። ዕውቀቱ በሰዎች እጅ ተበትኖ ነው የቀረው፤ አንዱ እጅ እነሆ አርሂባ ነው። ይህ ያሳስበኛል። የማሽኖቹ መመሪያ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛና በቻይንኛ ይመጣል፤ ልጁ ግን የሚማረው ሽማግሌው ሲሠሩ አይቶ ነው። እሳቸው ዛሬ ባይመጡ ትምህርቱ ይቋረጣል።

በማግስቱ እሳት ተዘጋጀ። ልጁ የኦክስጅኑንና የአሴቲሊኑን ነበልባል አስተካክሎ ወደ ፔርኖው ሲያዞር እንደገና ተከለከለ። ፔርኖው ከሞቀ ይሰፋል፤ ይብስ ይጨናነቃል። የሚሞቀው በዙሪያው ያለው የክንዱ ጫፍ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ብረት በአንድ ዲግሪ ሙቀት ከርዝመቱ በሚሊዮን 12 እጅ ያህል ይሰፋል። ቀዳዳው 80 ሚሊ ሜትር ስፋት ካለውና ዙሪያው ከፔርኖው በ200 ዲግሪ በልጦ ከሞቀ፣ ቀዳዳው በ0.19 ሚሊ ሜትር ይከፈታል። ትንሽ ይመስላል፤ ለዝገት ግን ብዙ ነው። የሞቀው ብረት በርዶ ሲሰበሰብና እንደገና ሲሞቅ፣ ዝገቱ ያንን እንቅስቃሴ መከተል አቅቶት ይሰነጣጠቃል። በሚበርድበት ጊዜ ጠርዙ ላይ ሻማ ይነካል፤ የቀለጠው ሰም በስንጥቁ ተስቦ ወደ ውስጥ ይገባል። ዘይትም ይህን ያደርጋል፤ ዘይት ግን በጋለ ብረት ላይ ይቀጣጠላል፤ ሰም ሲይዝ እሳቱ ትንሽ ነው።

እሳቱ ከመቅረቡ በፊት ያደረጉትን አንድ ነገር ለይቼ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ሕይወት የሚያተርፍ ስለሆነ። ግሪስ የሚሞላበትን ኒፕል ፈትተው አወጡት። በፔርኖው ሆድ ውስጥ የታሸገ አሮጌ ግሪስ አለ። ተዘግቶ ከሞቀ በጋዝ ይነፋና ፔርኖውን ወይም ኒፕሉን ተኩሶ ያስወጣል። ፊት ለፊቱ የቆመ ሰው አይተርፍም። በተመሳሳይ ምክንያት ልጁ ሁልጊዜ ከጎን እንጂ ከፔርኖው ጫፍ ትይዩ አይቆምም። የፔርኖ ገጽ በሙቀት የጠነከረ ብረት ነው፤ በመዶሻ በቀጥታ ሲመታ ስባሪው ዓይን ያጠፋል። ስለዚህ መሐል ላይ የነሐስ ዘንግ ይደረጋል፤ የመከላከያ መነጽር ይደረጋል። መነጽሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ሽማግሌው ለልጁ ሰጡት።

ከዚያ መጎተቱ መጣ። በፔርኖው ጫፍ ላይ ወፍራም ጥርስ ያለው ዘንግ በየዱ፤ በዘንጉ ላይ መሐሉ ክፍት የሆነ የ60 ቶን የሃይድሮሊክ ክሪክ አጠለቁ፤ ከፊቱ ወፍራም ላሜራና ዳዶ ገባ። የእጅ ፓምፑ መርፌ ወደ 500 ባር ወጣ። ምንም የለም። 550። ምንም። ልጁ ፓምፑን ሊቀጥል ሲል ሽማግሌው ተውት አሉት፤ የበየዱት ሊበጠስ ይችላል። ግፊቱን እዚያው እንዳለ ትተው ሻይ አዘዙ። ብረት እየተሳበ ሲቆይ፣ ሙቀቱ ሲቀንስ፣ ሰሙ ሲሰርግ፣ ሦስቱ አብረው ይሠራሉ። ከሻዩ በኋላ መዶሻው ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈቀደ። ያውም ፔርኖው ላይ ሳይሆን የጆሮው ጎን ላይ ነው፤ በመካከለኛ ኃይል፣ ደጋግሞ፣ አንድ ቦታ ሳይለቁ። ምቱ የሚፈለገው ለመግፋት አይደለም፤ የሚገፋው ክሪኩ ነው። መንቀጥቀጡ የዝገቱን ፍርካሽ ያፈርሳል።

ሰባተኛው ወይም ስምንተኛው ምት ላይ ግቢውን የሞላ ድምፅ ተሰማ፤ የፓምፑ መርፌ በአንዴ ወደ 300 ወረደ። ፔርኖው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቷል። ልጁ ጮኸ፤ ከአጥሩ ውጭ የነበሩ ሰዎች ገብተው አዩ። ሽማግሌው «አቦ፣ ገና ነው» ብለው ፓምፑን ራሳቸው ያዙ። እውነትም ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅም ነው፤ ትንሽ መጎተት፣ ዘይት ማድረግ፣ መልሶ ማስገባት፣ እንደገና መጎተት። ወደፊት ብቻ የሚጎተት ፔርኖ የራሱን ዝገት ፊት ለፊት እየሰበሰበ ዳግም ይነክሳል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ጨርሶ ወጣ።

ይህ ሁሉ ባይሳካ ኖሮ የቀረው መንገድ ጭካኔ ያለበት ነው። በብረት ሽቦ በተሞላ ቱቦ ውስጥ ኦክስጅን እየነፉ ቱቦውን ራሱን እያነደዱ የፔርኖውን እምብርት ዳር እስከ ዳር ይበሱታል። ሙቀቱ ከ3,000 ዲግሪ በላይ ነው። እምብርቱ ባዶ የሆነው ፔርኖ ሲበርድ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ይለቃልም። ግን ፔርኖው አይተርፍም፤ እጅ ከሳተ ክንዱም አይተርፍም።

የወጣውን ፔርኖ በጣውላ ላይ አስተኝተው ጠረጉት። ሽማግሌው የማንበቢያ መነጽራቸውን አድርገው ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው አነበቡት። በታችኛው ጎን በኩል የተበላ ደረጃ አለው፤ ሸክሙ የሚያርፍበት ነው። ዙሪያው ላይ ቀይ ደረቅ ዱቄት አለ፤ ግሪስ ያላየ ብረት እርስ በርሱ ሲፋቅ የሚተወው ነው። የግሪሱ ቀዳዳ ደግሞ ተደፍኗል። ልጁ በሽቦ ሲቆረቁረው የወጣው የደረቀ ግሪስና የማዳበሪያ ብናኝ ተጋግሮ የሠራው ጠጣር ውታፍ ነበር። ኒፕሉ ላይ ፓምፕ ተደርጎ የተጨመረው ግሪስ ሁሉ በጎን ወጥቶ መሬት ፈሷል እንጂ አንዲት ጠብታ መጋጠሚያው አልደረሰችም።

ብዙ የሎደር መመሪያዎች የባኬት ፔርኖዎች በየ10 የሥራ ሰዓቱ፣ ማለትም በየቀኑ ግሪስ እንዲጠጡ ያዛሉ። ከ3 እስከ 5 በመቶ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ያለበት ግሪስ ቢሆን ይመረጣል፤ በከባድ ጫና ሥር ብረትን ከብረት ይለያል። በዚህ ሎደር ላይ ግን ግሪስ የማን ሥራ እንደሆነ ሲጠየቅ መልስ የሚሰጥ ሰው አልተገኘም። ኦፕሬተሩ በፈረቃ ይሠራል፤ ሲወርድ ሌላ ይቀበለዋል። ተከራዩ የባለንብረቱ ነው ይላል፤ ባለንብረቱ የኦፕሬተሩ ነው ይላል። ኦፕሬተሩን ለመውቀስ አልቸኩልም። መርከብ ሲራገፍ ማሽን አቁሞ ሩብ ሰዓት ግሪስ የሚያደርግ ሰው «ለምን ቆምክ?» ይባላል እንጂ አይመሰገንም። ያ ሩብ ሰዓት በሥራ ሰዓትነት ተቆጥሮ ካልተከፈለበት በስተቀር ፔርኖዎች መንከሳቸውን አይተዉም።

አዲሱ ፔርኖ በቶርኖ ተቀረጸ፤ ገጹም በሙቀት እንዲጠነክር ሽማግሌው አጥብቀው አስገደዱ። ለስላሳ ብረት ቀርጾ ማስገባት ርካሽ ነው፤ በጥቂት ወራት ግን ይበላል። ሞላላ የሆነው የጆሮው ቀዳዳ በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ክብ ሆኖ ተቦረቦረ። አዲሱ ቡሽ ወደ ክንዱ የሚገባው ተጨናንቆ ስለሆነ መኮማተር አለበት። ሌላ አገር በደረቅ በረዶ ወይም በፈሳሽ ናይትሮጅን ያኮማትሩታል። እዚህ ልጁ ከዓሣ ነጋዴዎች አንድ ባልዲ በረዶ ገዝቶ መጣ። ከ40 ዲግሪ ወደ ዜሮ የወረደ 95 ሚሊ ሜትር ቡሽ በ0.046 ሚሊ ሜትር ያህል ያንሳል። ያ ለማስጀመር በቃ፤ የቀረውን ክሪኩ ገፋው። የቡሹ የግሪስ ቀዳዳ ከክንዱ ቀዳዳ ጋር መግጠሙን ልጁ በሽቦ አረጋገጠ። ግሪስ ተጨመረ፤ በሁለቱም ጠርዝ ንጹሕ ግሪስ እስኪታይ ድረስ ፓምፑ አልቆመም።

ባለንብረቱ ሎደሩን ሊወስድ ሾፌር ይዞ መጣ። ሽማግሌው የግራውን ሳላይ አይወጣም አሉ። የግራው ፔርኖ ገና ይዞራል፤ ድምፅም የለውም። ኒፕሉ ላይ ፓምፑ ሲደረግ ግን ግሪሱ በጎን ተመለሰ። ኒፕሉን ፈቱት፤ ቀዳዳው እንደ ቀኙ ተደፍኗል፤ ነገር ግን የተደፈነው ጫፉ ላይ ነው። በሽቦና በናፍጣ ጠረጉት፤ ባኬቱን ከመሬት አንስተው የክንዱን ክብደት ከፔርኖው ላይ አወረዱ፤ ግሪሱን እየጨመሩ ባኬቱን ቀስ ብለው ገለበጡ። መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ቡናማ፣ በመጨረሻ ንጹሕ ግሪስ ወጣ። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ባለንብረቱ ለቀኙ የአምስት ቀን ሥራ፣ የቶርኖ፣ የብየዳና የቡሽ ዋጋ ከፍሏል፤ ለግራው የተጠየቀው የአንድ ኒፕልና የግማሽ ቆርቆሮ ግሪስ ሂሳብ ነው።